ማቅለጫውን የሠራው ማን ነው? «ዘ ክሩሲብል»ን ከማንኩሳ ሆኖ ማንበብ

(በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል የውይይት መድረክ ላይ በአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የቀረበ ንግግር)



የተጠየቅሁት በዚህ ዓመት ካነበብናቸው ተውኔቶች በአንዱ ላይ የተማሪ ምላሽ እንዳቀርብ ነው። የመረጥሁት አርተር ሚለር እ.ኤ.አ. በ1953 በኒውዮርክ ለመድረክ ያበቃውን «ዘ ክሩሲብል» ነው። ስለ ተውኔቱ አወቃቀር ከእኔ በፊት የተናገሩት መምህሬ በቂውን ብለዋል። እኔ «ምላሽ» የሚለውን ቃል እንዳለ ወስጄ፣ ተውኔቱ እኔንና የመጣሁበትን አገር ለጠየቀን ጥያቄ መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ።

ላላነበባችሁት ታሪኩን ባጭሩ ላንሣ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1692፣ ስፍራው በሰሜን አሜሪካ በማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት የምትገኘው ሳሌም ናት። ጥቂት ልጃገረዶች ሌሊት ጫካ ገብተው ሲጨፍሩ ቄሱ ያያቸዋል። ከቅጣት ለማምለጥ «ሰይጣን ይዞን ነው፤ ያስያዘችንም እገሊት ናት» ማለት ይጀምራሉ። መጀመሪያ ስሟ የሚጠራው የቄሱ ባሪያ ቲቱባ ናት፤ እሷም ስትጨነቅ የሌሎችን ስም ትሰጣለች። ከዚያ በኋላ የስም ጎርፍ ነው። ፍርድ ቤቱ ያስቀመጠው ሕግ ለጆሮ የሚከብድ ነው፤ «አዎ፣ ጠንቋይ ነኝ» ያለና ግብረ አበሮቹን የጠቆመ ይተርፋል፤ «አይደለሁም» ያለ ይሰቀላል። ገበሬው ጆን ፕሮክተር በመጨረሻው ሌሊት ያልሠራውን አምኖ ይፈርማል፤ ወረቀቱ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንደሚለጠፍ ሲረዳ ግን ይቀደዋል። ከሕይወቱ ስሙን መርጦ ወደ መሰቀያው ይሄዳል።

የታሪኩ መሠረት እውነት ነው። በሳሌም 19 ሰዎች ተሰቅለዋል፤ 14ቱ ሴቶች፣ 5ቱ ወንዶች። ጃይልስ ኮሪ የተባለ ሽማግሌ ለክሱ መልስ አልሰጥም በማለቱ ድንጋይ እየተጫነበት ሞቷል። ሚለር ከለወጣቸው ነገሮች አንዱ ዕድሜ ነው፤ 11 ዓመት ገደማ የነበረችውን አቢጌይልን 17 አደረጋት፣ 60 ዓመት ገደማ የነበረውን ፕሮክተርን ወደ ሠላሳዎቹ አወረደው። በሁለቱ መካከል የፍቅር በደል እንዲኖር ስለ ፈለገ ነው። ይህ ለውጥ ለእኔ ብዙም አይጥመኝም፤ ነገሩን ሁሉ ወደ አንዲት የተናቀች ልጃገረድ ቂም ያወርደዋልና። ግን ዛሬ የመጣሁበት ጉዳይ እሱ አይደለም።

በክፍል ውስጥ ስንወያይ ሁላችንም አንድ ድምፅ ነበርን። የሳሌምን ሰዎች አላዋቂነት አወገዝን፤ በዳኛው ዳንፎርዝ ላይ ተቆጣን፤ አንዳንዴም ሳቅን። አብዛኞቻችን ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ ገጠር የመጣን ነን። በልጅነታችን አንገታችን ላይ ክታብ ታስሮልን፣ ጤና አዳም ተቋጥሮልን፣ «ሰው ፊት አትብላ» እየተባልን ያደግን ነን። ሆኖም በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ «ቡዳ» የሚለውን ቃል ከአፉ ያወጣ ሰው አልነበረም። እኔም አላወጣሁም። ዛሬ ላወጣው ነው የቆምሁት።

በመጀመሪያ ስለ ትርጉም። በውይይታችን የተውኔቱን ተከሳሾች «ጠንቋዮች» እያልን ነበር የምንጠራቸው፤ መዝገበ ቃላትም የሚሰጠን ይህንኑ ነው። ነገር ግን በእኛ አገር ጠንቋይ ቤቱ የሚታወቅ፣ ገንዘብ የሚከፈለው፣ ሰው በሌሊት ተሸፋፍኖ የሚሄድበት ባለሙያ ነው። ቄሱ ያወግዘዋል እንጂ ጎረቤቱ «አንተ ነህ» ብሎ አይከሰውም፤ እሱ ራሱ ነኝ ይላልና። የሳሌሟ ተከሳሽ እንዲህ አይደለችም። እሷ በመካከላችን የምትኖር፣ እንደ እኛ የምትመስል፣ በማይታይ ኃይል ልጅ የምትገድል ተብላ የምትጠረጠር ጎረቤት ናት። በተውኔቱ የመጀመሪያ ገቢር ሚስስ ፑትናም ሰባት ሕፃናት እንደ ሞቱባት ትናገራለች፤ ዐይኗ የሚያርፈው ደግሞ አሥራ አንድ ልጆችና ሃያ ስድስት የልጅ ልጆች ባሏት በርብቃ ነርስ ላይ ነው። ይህን ያነበበ የጎጃም ሰው ምን ዓይነት ክስ እንደ ሆነ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

አንድ ልዩነት ግን አለ፤ ክብደቱም ቀላል አይደለም። የሳሌም ጠንቋይ ከሰይጣን ጋር በፈቃዷ የተዋዋለች ናት ተብሎ ይታመናል፤ ስለዚህ ውሉን አፍርሳ ንስሐ መግባት ትችላለች። ቄስ ሄል መጽሐፎቹን ተሸክሞ ወደ መንደሩ የሚመጣውም ለዚህ ነው። ቡዳነት ግን በዘር ይወረሳል ይባላል። የተዋዋልኸው ነገር ስለሌለ የምታፈርሰው ውል የለህም። የምትናዘዘው ኃጢአት ስለሌለ የሚፈታህ ቄስ አይኖርም።

አሁን ወደ ርእሱ ልምጣ። ክሩሲብል ማለት ወርቅና ብር የሚቀልጥበት፣ እሳት የሚችል ዕቃ ነው። ሚለር ሰው በመከራ እሳት የሚፈተንበትን ቦታ ለማለት ተጠቀመበት። በአማርኛ «ማቅለጫ» ልንለው እንችላለን። ማቅለጫውን ከጭቃ አበጅቶ የሚተኩሰው ማን ነው? ሸክላ ሠሪ። ወርቁንና ብሩን የሚያቀልጥበትስ? ጠይብ። በእኛ አገር ቡዳ የሚባሉት እነማን ናቸው? ሸክላ ሠሪውና ጠይቡ፣ ከእነሱም ጋር ፋቂውና ሸማኔው። ሚለር ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ግን ለተውኔቱ የሰጠው ስም በአማርኛ ሲነገር ከተከሳሹ የሥራ ቤት የተወሰደ ዕቃ ሆኖ ይገኛል። «ጠይብ» የሚለው ቃል ራሱ «ጠቢብ» ከሚለው የወጣ ነው። ጥበብን የሚያመለክት ቃል ስድብ እስኪሆን ድረስ ስንት ትውልድ እንደ ወሰደ አስቡት።

የምናገረው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። የተወለድሁት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ከምትገኘው ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ነው። አያቴ ባለ እጅ ነበሩ። ክረምት ሲቃረብ ማረሻ፣ መኸር ሲደርስ ማጭድ፣ በመካከሉ መጥረቢያና ዶማ ይሠሩ ነበር፤ አባቴ ልጅ ሳለ ወናፍ የሚነፋላቸው እሱ ነበር። ክፍያው በቁና የሚሰፈር እህል ነው። በዚያ አካባቢ የአያቴ ማረሻ ያልገባበት ማሳ ጥቂት ነው። ማረሻውን ሊወስድ የሚመጣው ገበሬ ግን ደጅ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ ገብቶ እንጀራ አይቆርስም፤ ሕፃን ልጁንም ይዞ አይመጣም። አባቴ ሙያውን ትቶ ገበሬ ሆነ፤ እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ባለፈው ዓመት ለታናሽ እኅቴ ሽማግሌ ተላከ፤ ቀን ተቆረጠ፤ ከዚያ አጥንት ሲቆጠር ነገሩ ቀዘቀዘ። ለምን እንደ ቀረ የነገረን የለም። እኛም አልጠየቅንም። ከባለ እጅ ቤት የተወለደ ሰው እንዲህ ያለውን ጥያቄ መልሱን እያወቀ አይጠይቅም።

«ዘ ክሩሲብል»ን ሁለተኛ ጊዜ ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ንባብ ያላስተዋልሁት ነገር ያን ጊዜ ታየኝ፤ በተውኔቱ ውስጥ ተከሳሽ አፍ አለው።

ይህን ላብራራ። በሳሌም ልጃገረዶቹ የተከሳሿን መንፈስ አየን ይላሉ፤ ያዩትን ይመሰክራሉ። ተከሳሿ ግን ቀርባ ትጠየቃለች፤ ማመንም መካድም የራሷ ነው። ተውኔቱ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ፕሮክተር የሚቀደው ወረቀት የኖረው በእጁ ስለ ፈረመበት ነው። በእኛ አገር የሚደረገውን ደግሞ አስታውሱ። አንዲት ልጅ በድንገት ትታመማለች፤ ትጮኻለች ወይም ትዘጋለች። «በልቷት ነው» ይባላል። ዐዋቂ ወይም ደብተራ ይጠራል፤ ጢስ ያጤሳል፤ ከዚያም ይጠይቃል፤ «ማነህ? የት አገኘሃት? ምን ስትበላ?» ልጅቱ ትለፈልፋለች። የምትለፈልፈው ግን «እገሌ በላኝ» ብላ አይደለም። «እኔ እገሌ ነኝ፤ ከገበያ ስትመለስ አይቻት በላኋት» ትላለች። ምስ ይጠይቃል፤ ይሰጠዋል፤ ይወጣል።

ልብ በሉ፤ ክሱና የእምነት ቃሉ በአንድ አፍ ውስጥ ናቸው። እገሌ የተባለው ሰው በዚያች ሰዓት ቤቱ ቁጭ ብሎ ብረት እየቀጠቀጠ ይሆናል። ሳይጠራ ቀርቧል፣ ሳይጠየቅ መልሷል፣ ሳይናገር አምኗል። ቃሉን የሰማው ጎረቤት ሁሉ ምስክር ነው። ፕሮክተር ወረቀቱን ቀደደ፤ አያቴ ምን ይቅደዱ?

ዳኛው ዳንፎርዝ በሦስተኛው ገቢር የሚያቀርበው ክርክር አለ። ጥንቆላ የማይታይ ወንጀል ስለ ሆነ ከጠንቋይዋና ከተጎጂዋ በቀር ሌላ ምስክር ሊኖረው አይችልም፤ ጠንቋይዋ ራሷን አትከስምና የሚቀረው የተጎጂዋ ቃል ብቻ ነው ይላል። በክፍላችን ይህን ሎጂክ አፈራረስነው። እኔ ግን ከዳንፎርዝ ጋር ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ቢያንስ ችሎት አለው። ችሎት መዝገብ ይይዛል፤ የተያዘ መዝገብ ደግሞ ይመረመራል። የሳሌሙ ልዩ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1692 በአገረ ገዢው በፊፕስ ትእዛዝ ፈረሰ፤ በ1711 የቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት የብዙዎቹን ፍርድ ሽሮ ለቤተሰቦቻቸው ካሳ ወሰነ። ሚለር እ.ኤ.አ. በ1952 ሳሌም ሄዶ ያነበባቸው እነዚያን መዝገቦች ነው። በማንኩሳ መዝገብ የለም፤ ስለዚህ የሚሻር ፍርድም የለም። የሳሌም ክስ ከዓመት ብዙም ያልዘለለ ጊዜ ፈጀ፤ የእኛው መቼ እንደ ተጀመረ የሚያውቅ የለም።

ይህን ስል በአገራችን ታሪክ ሳሌምን የሚመስል ችሎት አልነበረም ማለቴ አይደለም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) በጣዖት አምልኮ የተጠረጠሩትን ሲያሳድዱ ሕዝቡ ዲያብሎስን መካዱን የሚገልጽ ጽሑፍ በግንባሩ ላይ እንዲያስር እስከ ማዘዝ ደርሰዋል፤ ተከሰው ከተቀጡትና ከሞቱት መካከል የገዛ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸው እንደሚገኙ ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። ሌባ ሻይም ነበረ፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ በገመድ ተይዞ ይለቀቃል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፤ ይከፍላል። ልጁ ራሱን ስለማያውቅ አይዋሽም ተብሎ ይታመን ነበር። የአቢጌይልን ቡድን ቃል ያስከበረውም ይኸው እምነት ነው፤ ራሱን የሳተ ሰው ይዋሻል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን አውጫጭኝ ነው። በመንደሩ ወንጀል ሲፈጸም ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ወንጀለኛው እስኪጠቆም ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። የሚጠቁመው ሰው ስሙ አይገለጥም፤ «ወፍ» ይባላል። ወፍ ነገረችኝ ይባላል እንጂ እገሌ ነገረኝ አይባልም። ሦስተኛውን ገቢር ያነበባችሁ የቱ ጋ እንደ ደረስሁ ገብቷችኋል። አቢጌይል በችሎቱ መካከል ወደ ጣሪያው ቀና ብላ ወፍ አየሁ ትላለች፤ ሜሪ ዋረን መንፈሷን ወፍ አድርጋ ላከችብኝ ትላለች። ሌሎቹም ልጃገረዶች አየን ይላሉ። ወፏ ለማንም አትታይም፤ ሆኖም ችሎቱን የገለበጠችው እሷ ናት። አውጫጭኝ በጎ ጎን እንደ ነበረው ዐውቃለሁ፤ ጠቋሚን ከበቀል ይጠብቃል፤ ያለ ፖሊስ ጸጥታ ያስከብራል። ያም ሆኖ የሚታይ ሰው በማይታይ ወፍ ቃል የሚዳኝበት ሥርዓት ለእኛ ባዕድ አልነበረም።

ሚለር ተውኔቱን ሲጽፍ በዐይኑ ፊት የነበረው በአሜሪካ ኮሙኒስት ናቸው የተባሉትን የማሳደድ ዘመቻ ነው። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1956 በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የሌሎችን ስም እንዲሰጥ ሲጠየቅ እምቢ አለ፤ በ1957 ተፈረደበት፤ በ1958 ፍርዱ ተሻረ። ወላጆቻችን ይህን ያለ ማስታወሻ ይረዱታል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በየቀበሌው «ራስህን አጋልጥ፣ ጓዶችህንም አጋልጥ» የተባለባቸውን ስብሰባዎች የኖሩ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉና። ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል፤ በዚያው ልለፈው።

ወደ ጎጃም ልመለስ። ምሁራን ስለ ቡዳ ሲጽፉ ብዙ ጊዜ ቅናትንና የማኅበራዊ ደረጃ ልዩነትን ያነሣሉ፤ ሮናልድ ሬሚኒክ እ.ኤ.አ. በ1974 በመንዝ ላይ ያሳተመው ጽሑፍ በዚህ ይታወቃል። ሐጋር ሳላሞን ወደ እስራኤል የገቡትን ቤተ እስራኤል አነጋግራ ባዘጋጀችው መጽሐፍ ደግሞ በአገር ቤት ሳሉ «ጅብ ይሆናሉ» እየተባሉ እንዴት እንደ ኖሩ እናነባለን። የሳሌምን ታሪክ ያጠኑት ደግሞ መሬትን ያነሣሉ፤ በተውኔቱም ቶማስ ፑትናም የተከሳሾችን መሬት ለመግዛት አሰፍስፎ ይጠብቃል። ይህ የመሬት ማብራሪያ ለእኛ በቀጥታ አይሠራም፤ የሚሠራው ተገልብጦ ነው። ባለ እጁ በአብዛኛው ርስት አልነበረውም፤ የሚቀማው መሬት አልነበረም። በሳሌም ክሱ ከመሬት ያስነሣል፤ በእኛ ዘንድ ክሱ ወደ መሬቱ እንዳትጠጋ ያደርጋል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ አባቴን ባለ ማሳ አድርጎታል። የማሳ ጎረቤት አደረገው እንጂ የማዕድ ጎረቤት ግን አላደረገውም።

አዋጅ አልጎደለንም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሰው በሙያው እንዳይሰደብ፣ ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ሸማኔ እየተባለ እንዳይናቅ ከልክለዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 ለእያንዳንዱ ሰው የክብርና የመልካም ስም መብት ይሰጣል። ፕሮክተር የሞተለትን ነገር በአማርኛ የሚጠራ አንቀጽ አለን ማለት ነው። ግን እኅቴን የሰደባት ሰው የለም፤ በየትኛው አንቀጽ ማን ይከሰሳል?

ማንኩሳ የሚለውን ስም አብዛኞቻችሁ የምታውቁት በ1958 ዓ.ም. ከታተመው ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ በዛብህ የተወለደባት ናት። መጽሐፉ ስለ ቡዳ የተጻፈ ባይሆንም አጥንት በሚቆጥር ዓለም ውስጥ ሰው በዘሩ እንዴት ከሚወዳት እንደሚለይ ያሳየናል። ካሳ ዳምጤንም አስታውሱ፤ ይህን ሥርዓት ፊት ለፊት የሚናገረውን ሰው ማንም አልሰቀለውም፤ «ጉዱ» የሚል ስም ሰጡት፤ በቃ። የጉድ ቃል ደግሞ ማን ይሰማል? በጎጃም የፕሮክተር ቦታ ለማን እንደሚሰጥ ሲጠይቁኝ እሱን ነው የምጠራው።

በመጨረሻ ከአንድ ሳምንት በፊት በተነሣው ሐሳብ ላይ ልናገር። የቴአትር ቡድናችን ተውኔቱን ተርጉሞ በፍኖተ ሰላም ለማሳየት አስቧል። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ርእሱም «ማቅለጫ» ይሁን እላለሁ። ስለ ክሱ ቃል ግን እስካሁን አልተስማማንም። «ጠንቋይ» ካልነው ተመልካቹ ስለ ፈረንጅ ይስቃል፤ ወደ ቤቱም በሰላም ይሄዳል። «ቡዳ» ካልነው ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። የኒውዮርክ ተመልካች በ1953 በጠንቋይ አያምንም ነበር፤ አቢጌይል ስትወድቅ ውሸቷን መሆኑን ለማወቅ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። በእኛ አዳራሽ ግን ልጅቱ መድረክ ላይ ወድቃ ስትለፈልፍ «እውነትም ተበልታለች» የሚል ሰው ይኖራል፤ ከጎኑ የተቀመጠውንም ገልመጥ ሊያደርግ ይችላል። ሚለር አቢጌይል ጓደኞቿን ለብቻቸው ስታስፈራራ የሚያሳየው በመጀመሪያው ገቢር ነው፤ ተርጓሚያችን ያን ትዕይንት እንዳያሳጥረው እለምናለሁ። ከትርኢቱ በፊትም ከባለ እጆቹ ቤተሰቦች ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገር፤ አስፈቅደን እንሥራው እላለሁ። ይህን ሁሉ ብዬ ግን ቃሉ «ቡዳ» ይሁን ባይ ነኝ።

ሐሳቡን ለእናቴ ነግሬያት ነበር። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ፕሮክተር ወረቀቱን ሲቀድ «አበጀ» አለች። ከዚያ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ቡዳ ናት የምትባለዋን ሆና የምትሠራው የማን ልጅ ናት?» እስካሁን ለዚያ ሚና የተመዘገበ ሰው ስለሌለ መልስ አልሰጠኋትም። ለፕሮክተር ግን ስድስት ተመዝግበዋል።